የልደት ሠንጠረዥ ዐሥራ ሁለት ቤቶች፤ በሕንዶች ጥበብና በዐውደ ነገሥት መካከል

በአምስተርዳም ኖርድ ከምኖርበት ቤት አንድ ምሽት የደብረ ማርቆስ ተወላጅ የሆነ ወጣት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። በወረቀቱ ላይ በሰያፍ መስመሮች የተከፋፈለ አራት ማዕዘን ተሥሎበት፣ በየክፍሉ ቁጥርና አጫጭር ምልክት ሰፍሮበታል። ሊያገባት የተጫት ልጅ በዘ ሄግ ከሚኖሩት የሱሪናም ሕንዶች ወገን ናት። የቤተ ሰቧ ፓንዲት፣ ማለትም ካህናቸው፣ የወጣቱን የልደት ሠንጠረዥ ሠርቶ መሪኅ (ማርስ) በስምንተኛው ቤት ውስጥ ስለ ተገኘ ጋብቻው ለልጅቱ ሕይወት የሚያሠጋ ነው ብሏል። አያቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠርጉን ነገር መስማት አቁመዋል። ወጣቱም፣ «ጋሼ፣ እናቴ ኮከቤ ዐቅራብ ነው ትለኛለች። ይህ ስምንተኛ ቤት የሚሉት ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። በእኛ አገር «ኮከብ» ሲባል ሁሉም ሰው ያወቀ ይመስለዋል፤ «ቤት» ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ሳይረዱ ፍርዱን መቀበልም ሆነ መንቀፍ አይቻልም።

በቅድሚያ ስለ ሰዎቹ ጥቂት ልበል። የሱሪናም ሕንዶች አባቶች በውል የጉልበት ሥራ ከሰሜን ሕንድ ተጉዘው፣ የመጀመሪያዎቹ ላላ ሩክ በተባለች መርከብ በ1873 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፓራማሪቦ ደረሱ። ሱሪናም በ1975 ነጻ በወጣችበት ወቅት ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ሆላንድ ተሻገሩ፤ ከተሻገሩትም ብዙዎች ዘ ሄግን መረጡ። ስለዚህ ሠንጠረዡ ሁለት ጊዜ ተሰዶ የመጣ ነው።

ወደ እኛው እንመለስ። በዐውደ ነገሥት ስሌት የሰውየው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ይደመራል፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ ቀሪው ከሐመል፣ ከሠውር፣ ከገውዝ ጀምሮ እስከ ሑት ካሉት ዐሥራ ሁለቱ አንዱን ያመለክታል። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ መሆናቸው ግልጽ ነው። አንባቢው ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ግን ይህ ነው፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ሰማይ የለበትም። ሰውየው በሌሊት ይወለድ በቀን፣ በጎጃም ይወለድ በሐረር፣ ስሙና የእናቱ ስም አንድ እስከ ሆነ ድረስ ኮከቡ አይለወጥም።

በሕንዶች ጥበብ ግን ነገሩ ከአድማስ ይጀምራል። ሕፃኑ በተወለደበት ደቂቃ፣ በተወለደበት ስፍራ፣ በምሥራቅ አድማስ ላይ እየወጣ ያለው የከዋክብት ምድብ «ላግና» ይባላል፤ አንደኛው ቤትም እርሱ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚወጣው ሁለተኛው፣ ከዚያም የሚከተለው ሦስተኛው እየተባለ እስከ ዐሥራ ሁለት ይቆጠራል። እንግዲህ ምድቡ የሰማይ ክፍል ሲሆን፣ ቤቱ ግን ያ የሰማይ ክፍል በዚያች ሰዓት ከተወላጁ አድማስ አንጻር የያዘው ቦታ ነው።

የእኛን የሰዓት አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ከአውሮፓዊ ይልቅ ይቀናዋል። ጧት በ12 ሰዓት ፀሐይ ከአድማስ ብቅ ስትል አንደኛው ቤት ውስጥ ናት። በቀትር፣ በ6 ሰዓት፣ ዐሥረኛው ቤት ገደማ ትደርሳለች፤ ማታ በ12 ስትጠልቅ ሰባተኛው፣ በእኩለ ሌሊት ደግሞ አራተኛው ቤት ውስጥ ትገኛለች። ከዚህም የምንረዳው ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ያሉት ቤቶች ከአድማስ በላይ፣ ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ከአድማስ በታች መሆናቸውን ነው። መላው ሰማይ በአንድ ዕለት አንድ ጊዜ ስለሚዞር፣ ላግናው በአማካይ በየሁለት ሰዓቱ ይለወጣል። ሕንዶች ዕለቱን በ60 «ጋቲ» ይከፍሉታል፤ የእኛም የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለቱን በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል። አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው፤ አንዱ ጋቲም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ ምድብ ለመውጣት በአማካይ 5 ኬክሮስ ይፈጅበታል ቢባል የደብራችን መሪጌታ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

«በአማካይ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ ከፍታ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ፈጣኑ ምድብ ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ባነሰ፣ ዘገምተኛው በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ይወጣል። አምስተርዳም ግን ወደ ሰሜን ርቃ ስለምትገኝ፣ እዚህ አንዱ ምድብ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሲወጣ ሌላው ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። የትውልድ ስፍራ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለየቤቱ የተሰጠው ትርጉም ረጅም ነው፤ እዚህ ሁሉን ማተት አያስፈልግም። አንደኛው የአካልና የጠባይ፣ ሁለተኛው የሀብትና የቤተ ሰብ፣ ሦስተኛው የወንድምና የእኅት፣ አራተኛው የእናትና የርስት፣ አምስተኛው የልጆች፣ ስድስተኛው የጠላትና የሕመም ቤት ነው። ሰባተኛው ትዳር ነው፤ ከአንደኛው ፊት ለፊት፣ በምዕራብ አድማስ ላይ መቀመጡም ባልና ሚስት እንደሚተያዩ ያህል ነው። ስምንተኛው ሞትና የዕድሜ ልክ ሲሆን፣ በሴቲቱም ሠንጠረዥ የትዳሯ ዕድሜ ከዚሁ ይነበባል። ዘጠነኛው ሃይማኖትና ዕድል፣ ዐሥረኛው ሥራና ማዕርግ፣ ዐሥራ አንደኛው ትርፍ ነው። ዐሥራ ሁለተኛው የወጪና የኪሳራ ቤት ሆኖ፣ ከአገር ርቆ መኖርም ከዚሁ ይቆጠራል። መሪኅ በአንደኛው፣ በአራተኛው፣ በሰባተኛው፣ በስምንተኛው ወይም በዐሥራ ሁለተኛው ቤት ሲገኝ ሰውየው «ማንግሊክ» ይባላል፤ አንዳንዶች ሁለተኛውንም ይጨምራሉ። ማንግሊክ ያልሆነ ሰው ማንግሊክ የሆነን እንዳያገባ ይመከራል።

የወጣቱን ወረቀት ስመለከት መጀመሪያ የፈለግሁት ፀሐይን ነው። በሰሜን ሕንዶች አሣሣል አንደኛው ቤት ምንጊዜም ከላይ መካከል ያለው ክፍል ነው፤ በውስጡ የሚጻፈው ቁጥር የቤቱ ሳይሆን የምድቡ ቁጥር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ጀምሬ ወደ ግራ ስቆጥር ፀሐይን በሦስተኛው ቤት አገኘኋት። ሦስተኛው ቤት ከአድማስ በታች ነው፤ ስለዚህ ልጁ የተወለደው በሌሊት ነው ማለት ነው። «በስንት ሰዓት ተወለድህ?» አልሁት። «እናቴ፣ ዕለቱ ሰንበት ነበር፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ በሦስት ሰዓት ነው ትላለች» አለኝ። ለፓንዲቱም «3» ብሎ ጽፎ ሰጥቶታል። ፓንዲቱ በበኩሉ እንደ አውሮፓውያን ሰዓት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አድርጎ አሰላው።

ስድስት ሰዓት ማለት 15 ኬክሮስ፣ 15 ኬክሮስ ማለት ሦስት ቤት ነው። ላግናው በሦስት ምድብ ሲገፋ ሁሉም ፕላኔት ሦስት ቤት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መሪኅ ከስምንተኛው ወደ አምስተኛው፣ ከሞት ቤት ወደ ልጆች ቤት ተዛወረ። ፀሐይም ከሦስተኛው ወደ ዐሥራ ሁለተኛው፣ ማለትም ወደ ስደተኞች ቤት መጣች። (እዚህ ላይ መሣቄን አልደብቅም።) ጥንቁቅ ሆኖ ለማስላት አንድ ነገር ይጨመራል። የኢትዮጵያ ሕጋዊ ሰዓት የተመሠረተው በምሥራቅ 45 ዲግሪ ላይ ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባ ፀሐይ ከሰዓቱ በአማካይ 25 ደቂቃ፣ ማለትም አንድ ኬክሮስ ያህል ትዘገያለች። በገጠር ሰዓቱን ከፀሐይና ከቅዳሴ የሚያውቁ እናቶች ግን ይህ እርማት አይነካቸውም።

ወጣቱ ከልጅቱ ጋር ወደ ፓንዲቱ ተመልሶ ሰዓቱን አስረዳ። ፓንዲቱ ቅን ሰው ስለ ሆነ በፊታቸው እንደገና አሰላው፤ ማንግሊክነቱም ተሻረ። እኔን ያሳሰበኝ ግን የሌሎቹ ጉዳይ ነው። ከወገናችን መካከል የትውልድ ቀኑን ስላላወቀ በስደት ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈለት፣ ወይም ዓመቱ ከእኛ አቆጣጠር ሳይመለስ ሰባትና ስምንት ዓመት የተዛባበት ብዙ ነው። ዛሬ በስልክ ሳይቀር ሠንጠረዥ የሚያወጡ መሣሪያዎች አሉ፤ የሚጠይቁትም ቀን፣ ሰዓትና ስፍራ ነው። የሰጠናቸውን ሐሰት ሳይጠራጠሩ እስከ ደቂቃ ያሰሉታል።

የተስተካከለው ሠንጠረዥ እውነት ተናገረ ማለቴ አይደለም። ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጃያንት ናርሊካር ከባልደረቦቹ ጋር በ2008 ባደረገው ፈተና 27 ኮከብ ቆጣሪዎች እያንዳንዳቸው የ40 ልጆችን ሠንጠረዥ ተቀብለው፣ በትምህርት የበረቱትን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው እንዲለዩ ተጠየቁ። በአማካይ ያገኙት ከመቶ 46 ነበር፤ ሳንቲም ወደ ላይ የወረወረ ሰው ከዚያ አያንስም። ጥበቡም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ የሕንድ ብቻ አይደለም። 1ኛው፣ 4ኛው፣ 7ኛውና 10ኛው ቤት «ኬንድራ» መባላቸው «ኬንትሮን» ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ፍርዱን የማይቀበል ሰውም ቢሆን ግን በተሳሳተ ሰዓት የተሰጠ ፍርድ ትዳሩን እንዳያፈርስበት ስሌቱን ማወቅ ይበጀዋል።

የወጣቱ እናት ደግሞ በበኩላቸው በደብረ ማርቆስ አንድ ደብተራ ዘንድ ሄደዋል። ደብተራው የልጅቱን ስም ጠየቀ፤ ከዚያም ስሟ በሃሌታው ሀ ይጻፍ በሐመሩ ሐ፣ በእሳቱ ሰ ይጻፍ በንጉሡ ሠ ተቸገረ፤ የፊደሉ ቁጥር ሲለወጥ ኮከቡም ይለወጣልና። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በሕንዶች ዘንድ ሕፃኑ ሲወለድ ጨረቃ ያለችበት ስፍራ ከ108 ቀለማት አንዱን ይሰጣል፤ የሕፃኑ የአምልኮ ስምም በዚያ ቀለም ይጀምራል። ኮከቡ ስሙን ያወጣል ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ስሙ ኮከቡን ያወጣል። ያ የአምልኮ ስም፣ እንደ እኛው የክርስትና ስም፣ ለማንም አይነገርም። ደብተራው ይህን ስም እንዲላክለት ቢጠይቅ የልጅቱ እናት እምቢ አሉ። እርሳቸውም በተራቸው የወጣቱን የክርስትና ስም በስልክ ቢጠይቁ፣ ከደብረ ማርቆስ ያገኙት መልስ ያው ነበር።