አይቨር ጉርኒ

አይቨር ጉርኒ (ኦገስት 28 ቀን 1890 – ዲሴምበር 26 ቀን 1937 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲና ገጣሚ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው «አርት ሶንግ» በሚባለው የሙዚቃ ዓይነት ነው። ይህም በግጥም ላይ ለአንድ ዘፋኝና ለፒያኖ የሚደረስ ዘፈን ሲሆን፣ ፒያኖው አጃቢ ብቻ ሳይሆን የግጥሙን ስሜት ከዘፋኙ እኩል የሚናገር ነው። ጉርኒ ከ300 በላይ ዘፈኖች ደርሷል፤ በሕይወቱ ሳለ የታተሙት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኖ በግሎስተር ከተማ ተወለደ፤ በልጅነቱም በከተማው ካቴድራል ዘማሪ ነበር። በ1910 የራልፍ ቮን ዊሊያምስ አዲስ ሥራ በዚያው ካቴድራል ሲቀርብ ከጓደኛው ከኸርበርት ሃውልስ ጋር ሰማ፤ ሁለቱ ወጣቶች ከመደነቃቸው የተነሳ ሌሊቱን በጎዳናው ሲመላለሱ አደሩ። በ1911 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ። መምህሩ ቻርልስ ስታንፎርድ ከተማሪዎቹ ሁሉ ተሰጥኦው የላቀ፣ ለማስተማር ግን እጅግ አስቸጋሪ እንደሆነ ይናገር ነበር።

ገና ተማሪ ሳለ በ1913 እና በ1914 በኤልሳቤጥ ዘመንና በአቅራቢያው በተጻፉ ግጥሞች ላይ አምስት ዘፈኖች ደረሰ። ከእነርሱ መካከል በጆን ፍሌቸር ግጥም የተሠራው «እንቅልፍ» ምናልባት ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ነው። ፒያኖው እንደ ሕፃን አልጋ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ በላዩ ላይ ድምፁ ረጅም ዜማ ይዘረጋል። ግጥሙ እንቅልፍን ለጥቂት ጊዜ እንኳ እንዲያሳርፍ የሚለምን ሰው ቃል ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በዓይኑ ድክመት ምክንያት አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1915 ግን ተራ ወታደር ሆኖ ገባ። በፈረንሳይ ግንባር ፒያኖ በሌለበት ምሽግ ውስጥ ዘፈን መድረሱን ቀጠለ። በጆን ሜስፊልድ ግጥም ላይ የተሠራው «ከቃሬዛው አጠገብ» በ1916 የተጻፈው እንዲህ ነው። በ1917 ትከሻውን በጥይት ተመታ፤ በዚያው ዓመት የመርዝ ጋዝ ጎዳው። የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፉ «ሰቨርንና ሶም» የወጣውም ያኔ ነው፤ አንዱ የአገሩ ወንዝ፣ ሌላው የጦር ሜዳው ወንዝ ነው።

ሕመሙ ከጦርነቱ ብቻ አልመጣም፤ ከ1914 በፊትም የመንፈስ መታወክ ይታይበት ነበር። በ1922 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያም ኬንት ውስጥ ዳርትፎርድ ወደሚገኝ ሆስፒታል ተዛውሮ እስከ ሞቱ እዚያው ቆየ። እንዲለቁት የሚለምኑ ደብዳቤዎች ለብዙ ሰዎች ጽፏል። ግጥሞቹን በዜማ የደረሰለት ገጣሚ ኤድዋርድ ቶማስ በጦርነቱ ሞቶ ነበርና፣ ሚስቱ ሄለን ሊጠይቁት ሲመጡ የባላቸውን የግሎስተርሻየር ካርታ ይዘውለት መጡ። ጉርኒ የሚያውቃቸውን መንገዶች በጣቱ እየተከተለ ተጓዘባቸው።

በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ብዙ ሥራው ያልታተመ ወረቀት ነበር። የዓመታት ወዳጁ ማሪየን ስኮት ጠብቀው ባያቆዩት ኖሮ አብዛኛው በጠፋ ነበር። ወጣት ሳለ «እንቅልፍ»ን ሰምቶ የተነካው የሙዚቃ ደራሲ ጀራልድ ፊንዚ ወረቀቶቹን ለየ፣ ለኅትመትም አዘጋጀ። ስለ ጉርኒ የተጻፈው የመጽሔት ልዩ ዕትም ማረሚያ ቅጂ ሆስፒታል ሲደርስ ግን ገልጦ ለማየት አቅም አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘፈን ጥራዞች በ1938 ታተሙ፤ አምስተኛው በ1979 ወጣ።