መሪ የተፈለገለት የሞጣና የቢቸና አመፅ

የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ሲነሣ ሁለት አባባሎች ይደጋገማሉ። አንዱ «ጎጃሜ ድሮም ግብር አይወድም» ነው። ሌላው ከገበሬው ጀርባ ግራ ዘመም የፓርቲ ወይም የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበረ የሚል ነው። የመጀመሪያው ገበሬውን ምክንያት ይነፍገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ የራሱን አስተሳሰብ ይነጥቀዋል። እኔን የበለጠ የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው ነው።

በጎጃም በሞጣና በቢቸና ያመፀው ገበሬ የመሬት ግብርና አሥራት ሲከፍል የኖረ ነው። በ1960 መጀመሪያ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን አስቀርቷል፤ በወረቀት ላይ ከቀድሞው የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል። ችግሩ ከአፈጻጸሙ መጣ። ገቢ ለመገመት ማን ምን ያህል እንደሚያርስ መመዝገብ ያስፈልጋል። በጎጃም መሬት በአባትም በእናትም አጥንት ተቆጥሮ የሚጠየቅ ርስት ነበር፤ አራሹን ሌላ ወራሽ ሊጠይቀው ይችል ነበር። በአንድ ሰው ስም ተለክቶ ከተጻፈ፣ ነገ ሊሸጥና ከዘሩ ሊወጣ ነው ብሎ ገበሬው ሠጋ። ሥጋቱም አዲስ አልነበረም፤ በ1930ዎቹ አጋማሽና በ1940ዎቹ መጀመሪያም በዚሁ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቷል። በዚህ ላይ የአገረ ገዢው የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ አስተዳደር ያስከተለው ምሬት ተጨመረ።

አሁን ወደ ግራ ዘመሞቹ። ከፓርቲዎቹ መኢሶን የተመሠረተው ነሐሴ 1960 በጀርመን፣ ሀምቡርግ ከተማ ነው፤ ያኔ ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ ከተነሣ ወራት አልፈው ነበር። ኢሕአፓ ገና አልተወለደም። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1955 ቢቋቋምም የሠራተኛ ሕጉ ለተቀጣሪ ነበር፤ ባለርስቱ ደግሞ የማንም ተቀጣሪ አልነበረም። ተማሪዎች በ1957 ያሰሙት «መሬት ለአራሹ» ከሁሉ በላይ የደቡቡን ጢሰኛ የሚመለከት ጥያቄ ነው። የሞጣው ሰው የሚያርሰው የገዛ ርስቱን ነበር፤ የፈለገው ያለውን እንዳይነኩበት ነው።

«በጦር ተደመሰሰ» የሚሉም አሉ። ጦርና አውሮፕላን ዘምቶበታል፤ ሰው አልቋል፣ ቤት ተቃጥሏል። ይሁንና መንግሥት አገረ ገዢውን አንሥቶ በሌላ ተካ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። አዲሱን ግብር ጎጃም ላይ በታሰበው መልክ ማስፈጸም አልተቻለም።

ርስትን ያስቀረው ሌላ ኃይል ነው። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ሲያውጅ፣ የግራ ክንፉ ለዓመታት የጮኸለት ጥያቄ ተመለሰ። በዚያው አዋጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ይዞታውን የማረስ መብት አገኘ፤ ከሰባት ዓመት በፊት የተዋጋለት፣ አጥንት ቆጥሮ ርስት የመጠየቅ መብት ግን በሕግ ቀረ።