ከገድል ወደ ልብ ወለድ፦ ክርስትና በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ

በላዔ ሰብ 78 ሰው በልቷል፤ ከበላቸው መካከል የገዛ ቤተሰቡም አለ። አንድ ቀን በመንገድ ላይ በቁስል የተመታ ድሃ ያገኛል። ድሃው ጥም ሊገድለው ነውና ውኃ ይለምነዋል። በብዙ ስም ቢማጸነው እንቢ ያለው ሰው በመጨረሻ ስለ እመቤታችን ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። በፍርድ ቀን ያቺ ጥርኝ ውኃ ከ78ቱ ነፍስ በላይ መዝና ትገኛለች። በተአምረ ማርያም የተጻፈው ይህ ታሪክ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ሲነገር ኖሯል። ልጅ ሆኖ በዐውደ ምሕረት የሰማ ሰው ኋላ ብዕር ሲያነሣ ምን ይዞ እንደሚነሣ መገመት አያስቸግርም፦ ሊድን የማይችል የሚመስል ሰው፣ ከቁጥር የማትገባ አንዲት ድርጊት፣ ማንም ያልጠበቀው ፍርድ።

የአማርኛ ልብ ወለድ ዕድሜው ከአንድ መቶ ዓመት ብዙም አይርቅም። ከሥሩ ያለው የትረካ ልማድ ግን የብዙ መቶ ዓመታት ነው። ገድል የቅዱሱን ተጋድሎ ከልደት እስከ ዕረፍት ይተርካል፤ ስንክሳር ለየቀኑ ታሪክ አለው። የመጻሕፍት መምህሩ አንዱን ጥቅስ ተርጉሞ ሳይጨርስ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፤ ቅኔ ቤቱ ደግሞ በሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግ ያስተምራል። ልዩነቱ በገድል ውስጥ መጨረሻው አስቀድሞ መታወቁ ላይ ነው፤ ጻድቁ ቢፈተንም እንደሚያሸንፍ ሰሚው ያውቃል። ልብ ወለድ ከገድል ጉዞውንና ፈተናውን ወስዶ፣ በጻድቁ ቦታ የሚያመነታ ሰው አስቀመጠ።

የመጀመሪያዎቹ፦ መጠመቅና መንገድ

የዘጌው ተወላጅ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ የዘርፉ በኩር ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በክርስቲያንና በአረመኔ ጦርነት ነው። የክርስቲያኖቹ የጦር አለቃ ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ለነፃነቱ የሚሆን ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ልጁ ዋሕድ ውለታውን ሊመልስ ወጥቶ በባርነት ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ልትፈልገው ትወጣለች። መቋጫው አረመኔው ንጉሥ ጦቢያን ወድዶ እንዲያገባት ከነሕዝቡ መጠመቁ ነው። እዚህ እምነት የሤራው ሞተር ነው፤ ጋብቻውም ሰላሙም ያለ ጥምቀት አይሆንም። ከመጽሐፉ ዕድሜ ያገኘው ግን ጥምቀቱ ሳይሆን የውለታው ክፍል ነው። በማያውቀው ሰው ቸርነት ነፃ የወጣ ሰው ምን ዕዳ አለበት? ይህ ጥያቄ ከክርስትና መሠረት የተቀዳ ነው፤ ደራሲውም ሳይሰብኩ በድርጊት አሳይተውታል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሌላ መንገድ ያዙ። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ቡንያን በ1678 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ አንድ ክርስቲያን ከጥፋት ከተማ ወደ ሰማያዊት ከተማ የሚያደርገውን ጉዞ የሚተርከው መጽሐፍ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በስዊድን ወንጌላውያን ተልእኮ ዙሪያ በነበሩ ኢትዮጵያውያን እጅ ወደ አማርኛ ተመልሶ ነበር። የኅሩይ «ወዳጄ ልቤ» የዚያ መጽሐፍ ጥላ እንዳለበት ተመራማሪዎች ይስማማሉ። በዚህ ዓይነቱ ምሳሌያዊ ድርሰት ውስጥ ሰው ከራሱ ልብ ጋር ይነጋገራል፤ ባሕርያት እንደ ሰው ይቆማሉ። ለትምህርት የተመቸ ነው፤ ሕያው ሰው ግን አይበዛበትም።

ኅሩይ ወደ ሕያው ሰው የቀረቡት በ1925 ዓ.ም. በወጣው «አዲስ ዓለም» ነው። የተጉለቱ አወቀ ፈረንሳይ አገር ተምሮ ይመለሳል። አባቱ ሲሞት ዘመድ አዝማድ እንደ ወጉ ትልቅ ተዝካር እንዲያወጣ ያስጨንቀዋል፤ እሱ ደግሞ ለሟች ነፍስ ተብሎ የሚጠጣው ጠላና የሚታረደው ሰንጋ ለማን እንደሚጠቅም ይጠይቃል። ደራሲው የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ በእንጦጦ ራጉኤል ተምረዋል። ስለዚህ አወቀ ሃይማኖቱን ጥሎ አይወጣም፤ ልማዱን በሃይማኖቱ ይሞግታል እንጂ። ከዚህ በኋላ የመጣው ጠንካራ ልብ ወለድ አብዛኛው በዚህ ሙግት ላይ የቆመ ነው።

ስለቱ የማን ነው?

ሙግቱ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ በደብረ ኤልያስና በሌሎች አድባራት ቅኔ ተምረዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው የቆሎ ተማሪ፣ ደበሎው፣ ልመናው፣ የመምህራኑ ክብርና ኩርፊያ ሁሉ ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው የጻፈው ነው።

የዋናውን ገጸ ባሕርይ የበዛብህን ዕጣ የሚወስነው ስለት ነው። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለእግዚአብሔር አገልግሎት ስለተሳሉት ማግባት አይገባውም። በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ሲወድዳት ሁለት አጥር ይገጥመዋል፤ አንዱ የፊታውራሪው የዘር ኩራት፣ ሁለተኛው የእናት አባቱ ቃል ኪዳን። የመጀመሪያውን አጥር አንባቢው ያለ ችግር ይጠላዋል። ሁለተኛው ግን ክፉ ሰው የሌለበት አጥር ነው፤ የወላጆች ፍቅርና እምነት ያቆሙት ነው። ልጅ ያልገባውን ስለት የመፈጸም ግዴታ አለበት ወይ? ስለቱን ቢያፈርስ የሚቀጣው እግዚአብሔር ነው ወይስ የገዛ ኅሊናው? ሀዲስ መልሱን በቀጥታ አይናገሩም። በዛብህ በሄደበት ሁሉ ያ ፍርሃት አብሮት ይሄዳል፤ አንባቢውም እያንዳንዱን መከራ ባየ ቁጥር ይህ የስለቱ ቅጣት ይሆን ብሎ ከበዛብህ ጋር ይጨነቃል።

ሌላው ገጸ ባሕርይ ካሳ ዳምጤ፣ ሰው «ጉዱ ካሳ» የሚለው፣ የመኳንንቱንም የካህናቱንም ልማድ ይነቅፋል። ሰሚዎቹ እንደ እብድ ቢያዩትም ነቀፌታው ፍትሕንና የሰውን እኩልነት ከሚያስተምረው ከመጽሐፍ ቅዱስ የተነሣ ነው። ሰብለ ወንጌልም ከአባቷ ቤት ስታመልጥ የምትለብሰው የመነኩሴ ልብስ ነው። ዓለምን የናቀ ሰው የሚለብሰው ልብስ በዚህች ልጅ ላይ የፍቅር መንገድ መሸሸጊያ ሆነ። ሰሙ ምንኩስና፣ ወርቁ ፍቅር ነው፤ ቅኔ ቤት ያልገባ ደራሲ ይህን በዚህ ቅለት አይሠራውም።

በዚያው ዘመንና ከዚያ ወዲህ

አቤ ጉበኛም በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ ሰው ነበር። በ1955 ዓ.ም. የወጣው «አልወለድም» ላይ በማኅፀን ያለ ፅንስ ፍትሕ ወደሌለበት ዓለም አልወጣም ይላል። መጽሐፉ በመንግሥት ታግዷል። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን የረገመበትን ምዕራፍ ያነበበ ሰው የዚህን ፅንስ ድምፅ ያውቀዋል፤ አቤ ያንን ሮሮ ወስዶ የፖለቲካ ክስ አደረገው። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»፣ 1962 ዓ.ም.፣ ደግሞ ነባሩን አማኝ ኑሮና አዲሱን የተማረ ወጣት ፊት ለፊት አስቀመጠ፤ ለአንዱም ወገን ሙሉ ድል አልሰጠም።

በደርግ ዘመን ሳንሱርና የሶሻሊስት እውነታዊነት ሃይማኖትን ወደ ዳር ገፉት። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ ሲከፈት እምነት በሌላ መልክ፣ በምስጢርነት ተመለሰ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከስለላና ከሳይንስ ጋር አቆራኝቶ ብዙ አንባቢ አገኘ። የአብያተ ክርስቲያናትን ደን ያጠኑት የሥነ ምህዳር ምሁር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ደግሞ በ«እመጓ» አንባቢን ወደ ጥንታዊ ገዳማትና ቅርሶች ይዘው ይጓዛሉ። እነዚህ መጻሕፍት ለቅርሱ ያላቸው ፍቅር አያጠራጥርም። በእነሱ ዘንድ ግን ገዳሙ በአብዛኛው የተሰወረ ዕውቀት ማከማቻ ነው፤ የበዛብህ ዓይነት ኅሊናውን የሚፈራ ሰው እምብዛም አይታይም።

እምነት ለደራሲው የሚሰጠው

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ይለያል። አንደኛው የሰው አያያዝ ነው፤ በንስሐ የሚያምን ደራሲ ክፉውን ገጸ ባሕርይ እስከ መጨረሻው ገጽ አይዘጋበትም። ሁለተኛው የሤራ መሣሪያ ነው፤ ስለት፣ ግዝት፣ ምንኩስና፣ የነፍስ አባት ምክር፣ ተዝካር በአገሩ ሕይወት ውስጥ እውነተኛ ኃይል ስላላቸው ታሪክን ማንቀሳቀስ ይችላሉ። ሦስተኛው ቋንቋ ነው፤ የቅኔው ድርብ ንግግርና የአንድምታው ትዕግሥት።

አደጋውም እዚያው ነው። ገጸ ባሕርዩ የደራሲው ስብከት አፈ ቀላጤ ሲሆን፣ ጻድቁ ሳይፈተን ሲያሸንፍና ኃጢአተኛው በሰዓቱ ሲቀጣ፣ አንባቢው መጨረሻውን ቀድሞ ያውቀዋል። የአማርኛ ልብ ወለድ በእምነት የጎለበተው ደራሲው የሚያምንበትን ነገር ከማንም በላይ አጥብቆ ሲጠይቅ ነው። ኅሩይ ተዝካሩን፣ ሀዲስ ስለቱን የጠየቁት ባለማመን አይደለም፤ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያኗን ከውስጥ የሚያውቁ ልጆቿ ነበሩ። ዛሬ ክርስቲያናዊ ልብ ወለድ ልጽፍ ብሎ የሚነሣ ወጣት ከእነሱ ሊማር የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ከሚያምነው ውስጥ በጣም የሚያስፈራውን ጥያቄ መርጦ ለገጸ ባሕርዩ መስጠት፣ መልሱንም ቀድሞ አለመንገር።