ኩላሊት ከተተከለ በኋላ የሚነሱ እንግዳ ቫይረሶች፦ ቤተሰብ ምን ማወቅ አለበት?

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ያለበት ቤተሰብ አብዝቶ የሚፈራው ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት አልቀበልም እንዳይል ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነው። ሰውነት ባዕድ አካልን ስለሚዋጋ ታካሚው ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን ኩላሊቱ እስካለ ድረስ ይወስዳል። መድኃኒቶቹ ኩላሊቱን የሚያድኑት የሰውነትን የመከላከያ አቅም በማዳከም ነው። በዚህ ጊዜ ጤነኛ ሰው ሳያውቃቸው የሚያልፋቸው ቫይረሶች ለዚህ ታካሚ ከባድ ጠላት ይሆናሉ። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳው ይህንን ነው።

ከእነዚህ አንዱ ታሪኩ ከጎረቤታችን ሱዳን ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ሕክምና ይከታተል በነበረ፣ ኩላሊት በተተከለለት አንድ ሱዳናዊ ሽንት ውስጥ ሐኪሞች ከዚያ በፊት የማይታወቅ ቫይረስ አገኙ። በታካሚው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ቢኬ ተባለ፤ እስከ ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ነው። አብዛኞቻችን በልጅነታችን ይዞን ኩላሊታችን ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ቫይረስ ነው። የመከላከያ አቅም ሲወርድ ይነቃል። ብዙ ጊዜ አያምም፣ አያተኩስም፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ የክሬያቲኒን መጠን ከፍ ሲል ነው።

ችግሩ ክሬያቲኒን ከፍ የሚለው ሰውነት ኩላሊቱን መቃወም ሲጀምርም መሆኑ ነው። ሁለቱ ሕክምናዎች ግን ተቃራኒ ናቸው። ተቃውሞ ከሆነ መድኃኒቱ ይጨመራል፤ ቢኬ ከሆነ ይቀነሳል። አንዱን በሌላው ቦታ መስጠት ኩላሊቱን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የቫይረሱን መጠን በደም ይለካል፣ አንዳንዴም ከተተከለው ኩላሊት በመርፌ ናሙና ይወስዳል። “ኩላሊቱን ለምን ይወጉታል?” ብለው የሚከለክሉ ቤተሰቦች ይህንን ቢያውቁ መልካም ነው። ታካሚው ደግሞ ጎረቤት የነገረውን ሰምቶ መድኃኒቱን በራሱ መቀነስ የለበትም። የምንናገረው የሐኪም ሥራ ስለሆነው መቀነስ ነው።

ሌሎቹ ቫይረሶች ከተቀባዩ ሳይሆን ከለጋሹ ጋር ይመጣሉ። እጅግ ብርቅ ናቸው፤ ሲደርሱ ግን አስከፊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ አንዲት ሴት በስትሮክ ሞተች። ጉበቷ፣ ሳንባዋና ሁለቱ ኩላሊቶቿ ለአራት ሰዎች ተተከሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራቱም ታመሙ፤ ሦስቱ ሞቱ። ሲጣራ መነሻው ሃምስተር የሚባል፣ አይጥ የሚመስል ትንሽ የቤት እንስሳ ሆኖ ተገኘ። ቤቷ ውስጥ ይህ እንስሳ ነበር፤ አይጦች የሚያስተላልፉት አንድ ቫይረስም ተገኘበት። ሴትየዋ ራሷ የዚህ በሽታ ምልክት አልታየባትም ነበር። ከአራቱ የተረፈው አንድ የኩላሊት ተቀባይ ሲሆን፣ የመከላከያ አቅም አዳካሚ መድኃኒቱ ተቀንሶለት ሪባቪሪን የተባለ ፀረ ቫይረስ ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በቴክሳስ አራት ሰዎች ከአንድ ለጋሽ በመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ሞተዋል። ለጋሹ ቀደም ሲል በሌሊት ወፍ ተነክሶ ነበር።

ይህንን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ከላይ ያሉት ሁሉ ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ አካላት ናቸው፤ እዚያ ለምርመራ ያለው ጊዜ በሰዓት ይቆጠራል። በአገራችን በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከሕያው ዘመድ በሚለገስ ኩላሊት ላይ የተመሠረተ ነው። ለጋሹ ተቀምጦ ይጠየቃል፣ በረጋ መንፈስ ይመረመራል። ለጋሽ ለመሆን የተዘጋጀ ወንድም ወይም እናት ውሻ ነክሷቸው ከሆነ፣ በቅርቡ ትኩሳት ታመው ከሆነ፣ ወዴት ተጉዘው እንደነበር አንድም ሳይደብቁ መናገር አለባቸው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሑጃጅ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። ይህ ክትባት የሚዘጋጀው ከተዳከመ ግን ሕያው ከሆነ ቫይረስ ስለሆነ አካል ለተተከለለት ሰው አይሰጥም። የኩፍኝ ክትባትም እንዲሁ ነው። የሐጅ ግዴታ የሆነው የማጅራት ገትር ክትባት ግን ሕያው ተሕዋስ የለበትም። መፍትሔው አስቀድሞ ማሰብ ነው፦ ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ ሰው ሐኪሙ ከፈቀደለት ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ የቢጫ ወባ ክትባቱን ይውሰድ። ማስረጃው እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዝ። ጊዜው ያለፈበት ሰው የጤና ምክንያቱን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ይዞ፣ ከጉዞው በፊት የሚመለከታቸውን ይጠይቅ።

እዚያም ሆነ እዚህ ግመል ያለበት አካባቢ የሚሄድ ታካሚ ያልፈላ የግመል ወተት አይጠጣ። መርስ የተባለው ቫይረስ ከግመል ወደ ሰው ይተላለፋል። የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2013 የመከላከያ አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ሐጃቸውን እንዲያዘገዩ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነበር። ወተቱን ለመድኃኒትነት የምትሰጡ አያቶችም ቅር አይበላችሁ።

የረመዳን ጾምም ይጠየቃል። ታክሮሊመስ በተለመደው አወሳሰድ በየ12 ሰዓቱ ነው፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ያለው ጊዜ ደግሞ በአገራችን ከዚያ ያንሳል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ዓይነት አለ፤ ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ለታመመ ሰው ሸሪዓው የሰጠው ሩኽሷ የታወቀ ነውና ሐኪሙ “አትጹም” ያለውን ሰው ቤተሰቡ አያሳፍረው።

ከንቅለ ተከላው በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ስድስት ወራት ከሁሉም የከፉ ናቸው። በዚህ ጊዜ ትኩሳት፣ ግራ መጋባት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የሽንት መቀነስ ከታየ እስከ ነገ አይጠበቅም። የሚያውቀው ሆስፒታል ሩቅ ከሆነ በአቅራቢያ ያለው ይሂድ፤ እዚያ ለሚያየው ሐኪም መጀመሪያ የሚነገረው “ኩላሊት ተተክሎልኛል” የሚለው ነው፤ ቀጥሎ የመድኃኒቶቹ ዝርዝር።