የአሜሪካ ኮንግረስ ለንግድ፣ ለፍትሕና ለሳይንስ ተቋማት በጀት የሚመድበው እንዴት ነው?

በዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራል ወህኒ ቤት ጠባቂ ደመወዝ፣ የአውሎ ነፋስን ጉዞ የሚከታተል ሳተላይት ወጪና የጥገኝነት ጠያቂን ጉዳይ የሚመለከት የኢሚግሬሽን ዳኛ በጀት በአንድ ሕግ ውስጥ ይገኛሉ። ይህ የንግድ፣ የፍትሕና የሳይንስ ተቋማት የወጪ ሕግ ሲሆን፣ ኮንግረስ በየዓመቱ እንዲያወጣ ከሚጠበቁበት 12 የወጪ ሕጎች አንዱ ነው።

የአሠራሩ መሠረት ሕገ መንግሥቱ ነው። በአንቀጽ 1 ክፍል 9 እንደተደነገገው፣ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ከመንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘብ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ በየካቲት ወር መጀመሪያ ለኮንግረስ እንዲልክ የሚጠበቅበት የበጀት ሰነድ፣ ገጹ ምንም ያህል ቢበዛ፣ ከጥያቄ አያልፍም። ወሳኞቹ የተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት ናቸው። የየምክር ቤቱ የወጪ ኮሚቴ ለዓመቱ የተፈቀደውን ጠቅላላ ገንዘብ ለ12 ንዑስ ኮሚቴዎች ያከፋፍላል፤ እያንዳንዱ ንዑስ ኮሚቴም ከተሰጠው ጣሪያ ሳያልፍ ረቂቁን ያዘጋጃል።

የጉዳዩ ክብደት ያለው ከዚህ ጣሪያ ላይ ነው። ከሥሩ የአየር ትንበያ አገልግሎትንና የሕዝብ ቆጠራ ቢሮን የያዘው የንግድ ሚኒስቴር አለ። ኤፍቢአይን፣ ወህኒ ቤቶችንና የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶችን የሚያስተዳድረው የፍትሕ ሚኒስቴርም አለ። ከእነርሱ ጎን የጠፈር ምርምር ድርጅቱ ናሳና ለዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ገንዘብ የሚሰጠው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ይገኛሉ። እነዚህን ያሰባሰባቸው የሥራ ዝምድና ሳይሆን የኮሚቴዎች አደረጃጀት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከንግድና ከፍትሕ ጋር በአንድ ሕግ ይካተት ነበር፤ ናሳ ደግሞ ከቀድሞ ወታደሮችና ከመኖሪያ ቤት ጉዳዮች ጋር ነበር።

ውጤቱ ግን የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ናሳ በዚህ ደረጃ ለገንዘብ የሚሻማው ከመከላከያ ሚኒስቴር ጋር ሳይሆን ከወህኒ ቤቱና ከመርማሪ ፖሊሱ ጋር ነው። እስረኛ መመገብ አለበት፤ የጥበቃ ሥራም አይቋረጥም። ቴሌስኮፕ ግን ለከርሞ ሊቆይ ይችላል። ጣሪያው በሚጠብብበት ዓመት ሳይንስ ቀድሞ የሚጋለጠው፣ ጠላት ስላለው ሳይሆን ጎረቤቶቹ ጊዜ የማይሰጡ ስለሆኑ ነው ማለት ይቻላል።

ንዑስ ኮሚቴው የገንዘብ መጠን ብቻ ሳይሆን ትእዛዝም ይጽፋል። በቴክሳሱ የሕዝብ ተወካይ ጆን ከልበርሰን ይመራ በነበረበት ወቅት፣ ናሳ ዩሮፓ ወደተባለችው የጁፒተር ጨረቃ ለሚያደርገው ጉዞ ለ2016 የበጀት ዓመት የጠየቀው 30 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ኮንግረስ 175 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ መንኮራኩሯ በየትኛው ሮኬት እንደምትመጥቅም በሕጉ ወሰነ። ይህ ግዴታ በኋላ ላላ፤ መንኮራኩሯም በጥቅምት 2024 በሌላ ሮኬት፣ በግል ኩባንያው ስፔስኤክስ ፋልከን ሄቪ፣ ተመጠቀች። ናሳ ያለ ልዩ ፈቃድ ከቻይና ጋር የሁለትዮሽ ትብብር እንዳያደርግ የሚከለክለው ድንጋጌም ከ2011 ጀምሮ በዚሁ የወጪ ሕግ በኩል ሲታደስ የቆየ ነው።

ረቂቁ ከንዑስ ኮሚቴ ወደ ሙሉ ኮሚቴ፣ ከዚያም ወደ ምክር ቤቱ ያመራል። በሴኔት ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ በአብዛኛው የ60 አባላት ድጋፍ ስለሚያስፈልግ አንድ ፓርቲ ብቻውን ሊያሳልፈው ይከብደዋል። ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድ ጽሑፍ ተስማምተው ፕሬዚዳንቱ መፈረም ያለባቸው የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ይህ የሚሳካው ግን ከስንት አንዴ ነው። የ2024 የበጀት ዓመት ሕግ የተፈረመው ዓመቱ ከተጀመረ ከአምስት ወር በኋላ፣ ማርች 9 ቀን 2024 ነበር። እስከዚያ ተቋማቱ በጊዜያዊ ሕግ፣ በአመዛኙ ባለፈው ዓመት መጠን ይሠራሉ፤ አዲስ ፕሮጀክት መጀመርም በአብዛኛው አይችሉም።

ጊዜያዊ ሕጉም ሲታጣ ሥራ ይቆማል። ከዲሴምበር 22 ቀን 2018 ጀምሮ ለ35 ቀናት በቆየው መቋረጥ በጀታቸው ካልጸደቀላቸው መካከል የንግድና የፍትሕ ሚኒስቴሮች እንዲሁም ናሳ ነበሩ። የኤፍቢአይ መርማሪዎችና የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ያለ ደመወዝ ሠሩ። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች የታሰሩ ሰዎችን ጉዳይ ማየት ቢቀጥሉም፣ ከእስር ውጭ የሚጠባበቁ ሰዎችን ቀጠሮ ሰረዙ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ጥገኝነት ጠያቂዎችም ጉዳያቸው የሚታየው በእነዚሁ ችሎቶች ነው።

የዚያ ዓመት የወጪ ሕግ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2019 ተፈረመ። ሠራተኞቹ የተቋረጠ ደመወዛቸውን አገኙ፤ ከተሰረዙት ቀጠሮዎች አንዳንዶቹ ግን ዓመታት ወደፊት ተገፍተዋል።