ያውቁ ኖሯል? ጥርሱ የገጠመ ሌንስ ሁሉ ሩቁን አያነሳም

በግንደወይንም ሆነ በሞጣ፣ ከአሮጌ ፎቶ ቤት ዕቃ መካከል የሶቪየት ሌንስ ካገኙ መጀመሪያ የኋላውን ጥርስ ስፋት ይለኩ። 42 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የዜኒትና የፕራክቲካ ካሜራዎች መግጠሚያ ነው፤ ከዛሬ ካሜራ ጋር የሚያገናኘው አዳፕተር አያስቸግርም። አሳሳቹ 39ኙ ነው። የፌድና የዞርኪ ካሜራዎች ሌንስ መግጠሚያው ከፊልሙ 28.8 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ዜኒቶች ግን 45.2 ይፈልጋሉ። ጥርሱ አንድ ስለሆነ የፌዱ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ዜኒት ላይ ይጠመዘዛል። ስንዝር ያህል የቀረበች አደይ አበባ ጥርት ብላ ትወጣለች፤ የጮቄ ተራራ ግን ድብዝዝ ይላል። ተበላሽቷል ብሎ መጣል ግን ትልቅ ጥፋት ነው! መስተዋት አልባዎቹ የዛሬ ካሜራዎች በልኩ በተሠራ አዳፕተር የፌዱንም የዜኒቱንም ሌንስ ይቀበላሉ። የሌንሱ መለያ ቁጥር በ78 ከጀመረ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ1978 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል፤ በእኛ 1970 ወይም 1971 ማለት ነው።