ስለ መኪና ጎማና ስለ ርጥብ መንገድ

በቆቦ ከተማ መካከል የሚያልፈው የአስፋልት መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ አላማጣ፣ ከዚያም የግራ ካሕሱን ዳገት ወጥቶ በኮረምና በማይጨው ወደ መቀሌ የሚደርሰው ዋናው የሰሜን መንገድ ነው። ሲኖትራኩም፣ አይሱዙውም፣ ሚኒባሱም፣ ባጃጁም ቀንና ሌሊት ይመላለስበታል። እኛም ተማሪዎች ጠዋትና ማታ የዚህኑ መንገድ ዳር ይዘን እንሄዳለን። ይህ መጽሔት ለአንባቢ በሚደርስበት በሰኔ ወር መጨረሻ በራያ ቆላ ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ብዙ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለመልቀቂያ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ በመኪና የሚጓዘው በዚሁ በዝናቡ ወራት ነው። ስለዚህ መኪና በርጥብ መንገድ ላይ ስለሚቆምበትና ስለሚንሸራተትበት ምክንያት ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ።

አንድ መኪና በዝናብ ጊዜ ተንሸራቶ ከመንገድ ሲወጣ አብዛኛው ሰው «ፍሬኑ እምቢ አለው» ይላል። ነገር ግን ፍሬን የሚያቆመው የሚሽከረከረውን ጎማ ነው እንጂ መኪናውን አይደለም። ጎማው ከቆመ በኋላ መኪናው ይቁም ወይም አይቁም የሚለውን ነገር የሚወስነው ላስቲኩ ከአስፋልቱ ጋር ያለው መያያዝ ብቻ ነው፤ ይኸውም በፊዚክስ ትምህርታችን «ሰበቃ» እየተባለ የሚጠራው ኀይል ነው። በአንድ ቀላል መኪና ላይ እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን የሚነካበት ቦታ ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ መኪናውና በውስጡ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መዳፍ ያህል ላስቲክ ነው ማለት ነው።

ጥሩ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ያለው የሰበቃ ቁጥር 0.7 ያህል ነው። አስፋልቱ ሲርስ ወደ 0.4 ይወርዳል፤ ጎማው ያለቀ ሆኖ ውኃው ሲበዛ ደግሞ ወደ 0.2 ሊወርድ ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስሉም በመንገድ ላይ ምን ማለት እንደሆኑ በስሌት ማየት ይቻላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ በደረቅ መንገድ 36 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በርጥብ መንገድ 63 ሜትር ይፈልጋል። የሰበቃው ቁጥር 0.2 በሆነበት ግን 126 ሜትር ካልሄደ አይቆምም፤ ይህም ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ የሚያልፈው ርቀት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

በጎማ ላይ የምናየው ጥርስ የተሠራው ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው በትክክል አይረዳውም። በከተማችን ከሚገኙት ጎሚስታዎች በአንዱ ዘንድ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሾፌር ጥርሱ ፈጽሞ ያለቀውን ጎማ ሲያስጠግን አየሁና «ጋሼ፣ ይህ ጎማ ሊሾ ሆኖ የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም እየሳቀ «ልጄ፣ ሊሾ ጎማ ከአዲሱ ይልቅ መሬት ይይዛል፤ እስቲ ሞክረህ እየው» አለኝ። የተናገረው ነገር በከፊል እውነት ነው። በዓለም የመኪና እሽቅድምድም የሚወዳደሩ ሰዎች መንገዱ ደረቅ ሲሆን ጥርስ የሌለውን ጎማ ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም ጥርስ የሌለው ጎማ በሙሉ ገላው መሬቱን ይነካል። ነገር ግን ዝናብ ሲጀምር እነዚያው ሰዎች ውድድሩን አቋርጠው ጥርስ ያለውን ጎማ ለማስገጠም ይሽቀዳደማሉ። ጥርሱ የተሠራው አስፋልቱን ለመንከስ ሳይሆን ለውኃው መውጫ ቦይ እንዲሆን ነውና። የመስኖ ቦይ ሲደፈን ውኃው በእርሻው ላይ እንደሚተኛ ሁሉ የጎማውም ቦይ ሲያልቅ ውኃው በላስቲኩና በአስፋልቱ መካከል ይተኛል።

የሚወጣውን ውኃ ብዛት ለማወቅ ያህል ይህን ልብ እንበል። ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ 2 ሚሊ ሜትር ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ ቢያልፍ በየሰከንዱ ከ8 ሊትር በላይ ውኃ ከፊቱ ማስወገድ አለበት። ይህም 20 ሊትር የሚይዘውን ቢጫ ጀሪካን ሁለት ሰከንድ ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መሙላት ማለት ነው። አንዱ ጎማ ብቻ ይህን ያህል ይሠራል። ውኃው በጊዜ መውጣት ካልቻለ ከጎማው ፊት እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይገባና ጎማውን ከመሬት ያነሣዋል። ያን ጊዜ መኪናው እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል፤ ፍሬን ቢይዙት፣ መሪ ቢያዞሩት አይሰማም።

ይህን ነገር በሚገባ ያጠኑት መኪና ሠሪዎች ሳይሆኑ ስለ አውሮፕላን የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ የጠፈርና የበረራ ምርምር መሥሪያ ቤት፣ በናሳ ውስጥ፣ ዋልተር ሆርን የሚባለው ተመራማሪና ባልደረባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ባሳተሙት ጥናት አውሮፕላን በርጥብ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ጎማው የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት የሚያሳይ ቀላል ስሌት አቀረቡ። ስሌቱ የሚያገለግለው ጎማው ሊሾ ሲሆን ወይም ውኃው ከጥርሱ ጥልቀት በላይ ሲሆን ነው። በጎማው ውስጥ ያለው አየር በባር ተለክቶ የቁጥሩ ዳግም ዘር በ63 ቢባዛ ጎማው መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰዓት ይገኛል። አየሩ 2 ባር ከሆነ ፍጥነቱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አየሩ ወደ 1.4 ባር ከወረደ ግን በ75 ኪሎ ሜትር ይንሳፈፋል።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን ብዙ ሾፌሮች «ዝናብ ሲሆን አየር ቀንስለት፣ መሬት ይይዛል» ይላሉ። ይህ ምክር ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። እንደ ሆርማትና እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞቻችን ብዙ አሸዋ ያመጣሉ። በአሸዋ ላይ አየር የተቀነሰለት ጎማ ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ አይሰምጥም፤ ስለዚህ በወንዝ አሸዋ ውስጥ ለሚያልፍ መኪና ምክሩ ትክክል ነው። በርጥብ አስፋልት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ የቀነሰ ጎማ ውኃውን በኀይል ተጭኖ ማስወጣት ስለማይችል በዝቅተኛ ፍጥነት ይንሳፈፋል። ለአሸዋው የቀነሱትን አየር ወደ አስፋልቱ ሲመለሱ መልሶ መሙላት ያስፈልጋል።

የአገራችን መንገድ የራሱ የሆነ ጠባይ ስላለው ከመጽሐፍ የተገኘውን ሁሉ እንዳለ መውሰድ አይበቃም። በሮቢትና በቆቦ፣ ከዚያም በዋጃ በኩል ያለው ሜዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሾፌሩን ለፍጥነት ይጋብዘዋል። ዝናቡ ግን አንዳንድ ጊዜ የሚዘንበው በእኛ ላይ ሳይሆን በምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ ነው። በቆቦ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ከደጋ ወርዶ በመንገዱ ላይ ደለልና ጭቃ ያነጥፋል። ለማሽላችን በረከት የሆነው ያ ደለል ለጎማ ጠላት ነው፤ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ አዲሱን ጎማ ለጊዜው ሊሾ ያደርገዋልና። ከረጅም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ካፊያም ከብርቱ ዝናብ ያልተናነሰ ያሠጋል። በበጋው የተጠራቀመው አቧራ ከመኪኖች ከሚንጠባጠበው ዘይት ጋር ተለውሶ መንገዱን ያሙለጨልጨዋል፤ ብርቱው ዝናብ ሲመጣ ግን ያጥበዋል።

ከአላማጣ በላይ በግራ ካሕሱ ያለው ችግር ሌላ ነው። እዚያ መኪናው በፍጥነት ስለማይሄድ የሚያስፈራው መንሳፈፍ ሳይሆን የመጠምዘዣው ነገር ነው። ለምሳሌ የመዞሪያው ራዲየስ 30 ሜትር የሆነ፣ ወደ ጎንም ያላዘነበለ ጠመዝማዛ ቢኖር፣ በደረቅ ጊዜ እስከ 51 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይንሸራተቱ መዞር ይቻላል። ሲርስ 39 ይሆናል። ጎማው አልቆ የሰበቃው ቁጥር 0.2 ከሆነ ወደ 27 ይወርዳል። በበጋ በ40 ሲዞረው የኖረ ሾፌር በክረምት በዚያው ፍጥነት በተላጨ ጎማ ከመጣ የሚጠብቀው ገደሉ ነው።

ጎማ ለሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የጥርሱ ጥልቀት ነው። የአዲስ ቀላል መኪና ጎማ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠልቃል። በአውሮፓ አገሮች ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ጎማ መንዳት ክልክል ነው፤ በቦዩም ውስጥ ይህን ልክ የሚያሳዩ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከጉብታዎቹ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ነገር ግን ለርጥብ መንገድ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ ይሻላል፤ ይህንንም በክፍል ማስመሪያችን መለካት ይቻላል። ያለቀ ጎማ ላይ በስለት አዲስ ጥርስ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ለዚህ ሥራ ታስበው የተሠሩ አንዳንድ የከባድ መኪና ጎማዎች ምልክት አለባቸው፤ ምልክት በሌለው በሚኒባስ ጎማ ላይ ማድረግ ግን ከሽቦው በላይ የቀረውን ስስ ላስቲክ መቁረጥ ስለሆነ ጎማውን ለመፈንዳት ያዘጋጀዋል።

ሁለተኛው ዕድሜው ነው፤ ገዢም የሚታለለው በዚህ ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ፣ ነገር ግን ለብዙ ዓመት በመጋዘን ወይም በፀሐይ የቆየ ጎማ ላስቲኩ ደርቆ ይጠነክራል። የጠነከረ ላስቲክ ደግሞ በአስፋልቱ ጥቃቅን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሊይዝ አይችልም። እንደ ቆላችን ያለ ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። ጎማው የተሠራበት ጊዜ በጎኑ ላይ በአራት አኀዝ ተጽፏል፤ 2319 ቢል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለማንበብ ገንዘብ አይከፈልበትም።

ጠንካራ ላስቲክ ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ሾፌሮቻችን ይወዱታል፤ እኔም አልፈርድባቸውም፤ የጎማ ዋጋ የቤተሰብን ቀለብ የሚነካ ነገር ነውና። የሆነ ሆኖ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ሲሊካ የሚባለው፣ ከአሸዋ ጋር በዘር አንድ የሆነው ዱቄት በላስቲኩ ውስጥ እየተጨመረ በርጥብ መንገድ የሚይዝና ቶሎም የማያልቅ ጎማ ለመሥራት ተችሏል። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠራ ጎማም ከ2012 ጀምሮ በርጥብ መንገድ የመያዝ ችሎታው በፊደል ተመዝግቦ ይሸጣል፤ «ኤ» ከሁሉ የሚበልጠው ነው።

ለውበት ብሎ ሰፊ ጎማ ማስገጠም በዝናብ ጊዜ አይጠቅምም፤ ሰፊው የሚያስወግደው ውኃ ይበዛልና። ጥርሱ ትልልቅ የሆነው የጭቃ ጎማ ደግሞ በመረሬ መሬት እጅግ ጥሩ ሲሆን በርጥብ አስፋልት ላይ ግን መሬቱን የሚነካው ላስቲክ ስለሚያንስ ከተራው ጎማ ያነሰ ይይዛል። ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪናም ክብደቱ ስለሚቀንስና የጎማው ማረፊያ ስለሚያጥር፣ ጭኖ ከሚሄድበት ጊዜ ይልቅ በቀላሉ ይንሳፈፋል።

ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ከፊት ያስገጥማቸዋል። መሪው ያለው ከፊት ነው ብሎ ነው። ባለ አራት እግር መኪና ግን የፊቱ ቢንሸራተት ቀጥ ብሎ ይሄዳልና ሾፌሩ ነዳጁን ለቅቆ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል። የኋላው ቢንሸራተት ግን መኪናው በራሱ ላይ ይዞራል፤ ያን ጊዜ የሚመልሰው ሾፌር ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥርሱ የተሻለው ጎማ ከኋላ ይሁን። ባጃጅ ከዚህ የተለየ ነው። ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ በውኃ ላይ መንሳፈፉ አያሠጋውም፤ ነገር ግን መሪውን የሚሸከመው ያ አንዱ የፊት ጎማ ብቻ ነው። ብዙ ባጃጅ ነጂዎች የኋላዎቹን ሁለቱን ቶሎ ቶሎ ሲለውጡ ፊተኛውን ይረሱታል፤ እርሱ ሊሾ ከሆነ በጭቃ ላይ ለመታጠፍ የሚረዳው ሌላ ጎማ የለም።